ሳልወስን የለበስኩት የሽኝት ጋቢ

ተናድጃለሁ። ሰላምታው ይቆየንና ከዚሁ ልጀምር። ንዴቴ የዛሬ አይደለም፤ ወራት አልፈውታል። ግን በየጠዋቱ ስነሳ አብሮኝ ይነሳል፣ ፊቴን ስታጠብ አብሮኝ ይታጠባል። ድሮ ድሮ "ምን ሆነህ ነው ፊትህን ያጠቆርከው?" የሚለኝ ሰው ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለምተርክለት አሁን የሚጠይቀኝ ጠፍቷል። ስለዚህ ዕጣው እናንተ ላይ ወድቋል።

መርካቶ ውስጥ፣ ከተክለ ሃይማኖት ወረድ ብሎ ባለ አንድ መደዳ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ዚፕ፣ ክርና አዝራር የሸጥኩ ሰው ነኝ። ሱቄ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ቆሞ የሚገዛባት ዓይነት ናት። ግን ከኮታችሁ ላይ አንዲት አዝራር ወድቃባችሁ ስድስት ሱቅ ዞራችሁ መሳይዋን አጥታችሁ ከሆነ፣ ሰባተኛው ጋ ስትደርሱ "ቆይ፣ አለችኝ" ያላችሁ ሰውዬ እኔ ነኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ባለ ሁለት ቀዳዳውን ከባለ አራቱ በጣቴ እለያለሁ። ጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጉራ ነው።

ባለቤቴ ጥሩነሽ አብራኝ ሱቅ ትውላለች። ደንበኛ የምታመጣው እሷ ናት፤ እኔ ደንበኛ የማባረር ተሰጥኦ ነው ያለኝ። ታዲያ ጥሩነሽ ደረቷን ያማታል። ሱቁ ውስጥ የጨርቅ ብናኝ አለ፤ ደጁ አቧራ ነው፤ የተከራየነው ቤት ደግሞ ከበርበሬ ወፍጮ ጀርባ ነው። ሐኪሙ "ከዚህ አየር ራቂ፣ ከተማም ቢሆን ለውጪ" ካላት ሁለት ዓመት ሆኗታል። በጣም ሳቂታ ሴት ናት፤ ግን ሳቅ ስትጀምር ሳል ይመጣና መሃል ላይ ይቆርጥባታል። ከሁለት ዓመት ወዲህ አንድ ሳቅ ጀምራ ስትጨርስ አላየሁም።

ወንድሟ ተካልኝ የሚኖረው ሐዋሳ ነው። በየእሑዱ ይደውልና "ኑ እንጂ! እዚህ እኮ ሰው ይተነፍሳል!" ይላል። እኛ በጉሮሯችን ሳይሆን በጆሯችን የምንተነፍስ ይመስል። እኔም "እናያለን" እላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ "እናያለን" አልኩ። ሰፈር ብቻ እንዳንቀይር ብናኙ ሱቅም ውስጥ አለ፣ ጥሩነሽ ደግሞ ሱቁን ለእኔ ትታ ቤት መዋል አትፈልግም፤ ሱቁን ለእኔ መተው ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለቻ። ሱቁን ለቅቀን እንዳንሄድ ደግሞ እኔ ከዚያ መደዳ ውጭ ማን ነኝ? ሐዋሳ ውስጥ እኔን ማን ያውቀኛል? እንዲህ እያልኩ እሷ ትስላለች፣ እኔ "እናያለን" እላለሁ።

ነገሩን ያፈነዳው ምንጣፍ ነው። አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከሱቄ ደጃፍ ቆሜ ሻይ ስጠጣ፣ አንድ ተሸካሚ ጥቅል ምንጣፍ በትከሻው አጋድሞ "መንገድ! መንገድ!" እያለ መጣ። ዞር አልኩለት። እሱም ዞረ። እሱ ሲዞር ምንጣፉም አብሮት ዞረና ጫፉ ማጅራቴን አለኝ። ሻዩ ደረቴ ላይ፣ እኔ አዝራር ሳጥኑ ላይ። ከወደቅኩበት ሆኜ ይቅርታ እንዲጠይቀኝ ስጠብቅ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"አባት! ዓይንዎ የት ነው ያለው?"

አባት! በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያልተባልኩት ነገር የለም፤ የመርካቶን ስድብ ከነመረቁ ጠጥቻለሁ። "አባት" ግን ተብዬ አላውቅም። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው! አንቱታውስ ከየት መጣ? ማጅራቱን ከመታህ በኋላ ማክበር ምን ይባላል?

ጥሩነሽ ሳቀች። ሳሏ መጥቶ ቆረጣት። እንደ ወትሮው ግን ቶሎ አልተዋትም፤ ባንኮኒውን ይዛ ጎንበስ አለች፣ አንድ ደንበኛ ሮጦ ውሃ አቀበላት። እኔስ ምን እያደረግኩ ነበር? የተሸካሚውን ጀርባ እያየሁ እየተሳደብኩ ነበር። ከስድቤ ስመለስ ባንኮኒውን በቡጢ መትቼ "በቃ! ከዚህ ከተማ እወጣለሁ! ሐሙስ ሐዋሳ ሄደን ሱቅ እናያለን!" አልኩ። ውሳኔ እንዳይመስላችሁ። ማጅራቴን አሞኝ ነው።

አሁን የመደዳችንን ደንብ ልንገራችሁ፤ ካለዚያ የደረሰብኝ በደል አይገባችሁም። እኛ ጋ ሱቅ በሥራ ቀን የሚዘጋው በሦስት ምክንያት ብቻ ነው፤ በለቅሶ፣ በሠርግና በበዓል። ሕመም አይቆጠርም፤ የታመመ ሰው ጣቃ ላይ ጋደም ብሎ ይሸጣል። ታዲያ ምን ብዬ ልዝጋ? "ለቅሶ ነው" ብል መደዳው በሙሉ ሚኒባስ ተኮናትሮ ይከተለኛል፤ የሞተ አጎት ከየት አመጣለሁ? "ሠርግ ነው" ብል "እኛን ሳትጠራ?" ተብሎ እስከ ልጅ ልጅ ቂም ይያዝብኛል። እውነቱን ብናገር ደግሞ የመደዳችን ደላላ ፍቃዱ ከእኔ ቀድሞ ሐዋሳ ይደርስና ሱቁን ለሌላ ያከራየዋል። ስለዚህ ለማንም ሳልተነፍስ ሐሙስ ጠዋት ሳልከፍት ቀረሁ።

ስህተቴ ይህ ነው። በእኛ መደዳ ያለ ምክንያት የተዘጋ ሱቅ ባለቤቱ ለቅቆ ሄዷል ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ይህን ደግሞ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመደዳችን ጃንጥላ ሻጭ ሱቅ አንድ ቀን ተዘግቶ ቢውል "ሰውዬው ጠቅልሎ ሄደ" ብዬ ወሬውን ከላይ እስከ ታች የነዛሁት እኔው ነኝ። ጥርሱን ሊነቀል ሄዶ ነበር።

አውቶቡስ ተራ ብቅ ብንል የሚያውቀን ሰው አይጠፋም ብለን ጎህ ሲቀድ ቃሊቲ ድረስ ሄደን መናኸሪያ ገባን። ጥሩነሽ ለሦስት ቀን መንገድ ትልቁን ሻንጣ ይዛለች። "ምን ከተሽበት?" ብላት "አላውቅም፣ ስከት ስከት ሞላ" አለችኝ። ሻንጣውን እየጎተትኩ ገና አውቶቡሱ በር ላይ ስደርስ ከኋላዬ "ውይ ጋሼ! ከነጓዛችሁ ወዴት ነው?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ሃያ ዓመት ዚፕ የሸጥኩላት ልብስ ሰፊ ናት። እኔ "ጠበል" አልኩ። ጥሩነሽ በዚያችው ቅጽበት "ሐዋሳ" አለች። ሴትዮዋ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሻንጣውን አየችና ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። ያኔውኑ መመለስ ነበረብኝ።

ሐዋሳ ስንደርስ ተካልኝ በባጃጅ ተቀበለን። "አየሩን ሳቡት! ሳቡት እንጂ!" ይላል፤ አየሩን እሱ የሠራው ነው የሚመስለው። ያሳየንን ነገር ሁሉ ከመርካቶ ጋር ካላወዳደረ አይሆንለትም። "ይሄን አስፋልት እየው። መርካቶ እንዲህ ያለ ስፋት አለ?" ሐይቁ ዳር ወሰደንና "እሺ፣ መርካቶ ሐይቅ አለ?" አለኝ። "ክረምት ላይ አለ" አልኩት። ጥሩነሽ ፈገግ አለች። እሱ አልገባውም፤ አሣ አዘዘ።

በነጋታው የሚከራየውን ሱቅ አሳየን። ሱቁ የእኔን ሦስት ያህላል፤ ደጃፉ ላይ ዛፍ አለ። እኔም አንድ ነገር ሳላጣራ የምገባ ሰው ስላልሆንኩ፣ ወንበር አስመጥቼ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩና መንገዱን ማጥናት ጀመርኩ። ጎረቤቱ ነጋዴ ተኝቷል። በቀን! በሥራ ቀን! መንገዱ ላይ ሰዎች እየተንሸራሸሩ ነው፤ የሚያልፈው ሁሉ የሚሄድበት ያለው አይመስልም። አንድ ሰው ጋሪ እየገፋ መጣና አጠገቤ ሲደርስ ቆመ። "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ልለፍ?" አለኝ። እግሬን እስክሰበስብ ቆሞ ጠበቀ። ቆሽቴ አረረ። ይቅርታ የምን? ገና ምን አደረገኝና ነው? የመታኝ ሰው ሳይጠይቀኝ ያልመታኝ ይጠይቀኛል?

ከዚያ አንዲት ሴትዮ መጣች። ለናሙና የያዝኳቸውን ዚፖች ጭኔ ላይ አይታ "ነጭ አለህ?" አለችኝ። አለኝ አልኩና በመርካቶ ወግ ዋጋውን ሰቅዬ ጠራሁ። የምሰቅለው እኮ እንድታወርደው ነው፤ እሷ "እብድ ነህ?" ልትለኝ፣ እኔ "ለአንቺ ስል ነው" ልላት፣ እሷ ጥላኝ ልትሄድ፣ እኔ ልጠራት፣ እንዲህ እንዲህ እያልን ልንዛመድ። ሴትዮዋ የጠራሁትን ከፈለች። "እግዜር ይስጥልኝ" ብላኝ ሄደች። ከዚያ ተነስቼ ተከተልኳት።

"እመቤት! እመቤት! ቀንስ አይሉም እንዴ?"

ዞር ብላ አየችኝና እርምጃዋን ፈጠን አደረገች። እኔም ፈጠንኩ። "እቀንስልዎታለሁ እኮ! ይከራከሩኝ!" እያልኩ አንድ ማዞሪያ ድረስ ተከተልኳት። መጨረሻ ላይ እጄን የያዘኝ ተካልኝ ነው። "ምን አድርጋህ ነው ሴትዮዋን የምታሳድዳት?" አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? ሳትጣላኝ ስለሄደች ነው ልበለው?

ጥሩነሽ ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ ልብ አልኩ፤ ከመጣን ጀምሮ ስትስል አልሰማኋትም። "ሳልሽ የት ሄደ?" አልኳት። "ቃሊቲ ላይ ወርዶ ቀረ መሰለኝ" አለችና ዳቦዋን ቆረሰች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ሁለት ዓመት ያልለቀቃት ሳል በሁለት ቀን እንዲህ እልም ማለቱ እኔን ጥፋተኛ ለማድረግ ነው እንጂ ምን ይባላል? ልቤ እዚያው ላይ ለሁለት ተከፈለ። ላድርገው? አላድርገው? "እናያለን" ልል አፌን ስከፍት ስልኬ ጮኸ።

መደዳችን የስልክ ግሩፕ አለው። ሰብሳቢያችን ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ የብርድ ልብስ ነጋዴ፣ ለመደዳው አባት፣ ለግሩፑ ደግሞ መቅሠፍት፤ የድምፅ መልእክታቸው ቅዳሴ ያህላል። ከፈትኩት። "የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ወንድማችን ከነባለቤቱ ጠቅልሎ ሐዋሳ መግባቱን ሰምተናል። ሰኞ ዕቃውን ሊያነሳ መምጣቱ አይቀርምና በደንባችን መሠረት ጋቢ አልብሰን እንሸኘዋለን። የምትገኙ አውራ ጣት አድርጉ።"

እኔ እኮ ግሩፑ ውስጥ አለሁ! አውራ ጣቱ ይዘንብ ጀመር። ጃንጥላ ሻጩማ ሦስት አውራ ጣት አደረገ። ፍቃዱ የተዘጋ በሬን ፎቶ አንስቶ "ቦታው አሪፍ፣ ለፈላጊ በውስጥ መስመር" ብሎ ለጠፈ። "ሰዎች፣ እኔ ገና አልወሰንኩም" ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ወልዴ ወዲያው መለሱ፤ "ሁሉም ሲሄድ እንዲህ ነው የሚለው። ከልብ የመነጨ ጨዋነትህን አንረሳውም።" ከሥሩ እንደገና አውራ ጣት ዘነበ።

ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ "ለምን ይሄዳል?" ያለ የለም። ሆድ ባሰኝ፤ እውነቴን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በለቅሷቸው አልቅሼ፣ በሠርጋቸው ጨፍሬ፣ ስሄድ አውራ ጣት?

በመጨረሻ የሐጂ ሙዘይን የድምፅ መልእክት መጣ። ሐጂ ሙዘይን ጎረቤቴ ናቸው፤ ግድግዳችን አንድ ነው፤ የሴት ሻርፕ ይሸጣሉ። አሥራ ስምንት ዓመት ተጣልተናል። ምክንያቱ ሸራ ነው። ከደጃፌ በላይ የዘረጋሁት ሸራ ዝናብ ሲዘንብ ጫፉ ይንጠባጠባል፤ የሚንጠባጠበው እሳቸው ደጅ ላይ በሰቀሉት ሻርፕ ላይ ነው። እሳቸው ሸራህን ሰብስብ ይላሉ፤ እኔ ሻርፕዎን ወደ ውስጥ ያስገቡ እላለሁ። በዘነበ ቁጥር ይህ ነገር እንደ አዲስ ይጀመራል። መልእክታቸውን ከፈትኩት። ጉሮሯቸውን ጠረጉና "እኔ የለሁበትም" አሉ። በቃ፣ አበቃ።

ይሄ ደግሞ ከሁሉም ባሰብኝ። በእኛ መደዳ ሽኝት ሽኝት የሚባለው ሁለት ሽማግሌ ሲመርቅ ነው። ሰዉ ክርስቲያንም እስላምም ስለሆነ ጋሽ ወልዴ ይመርቃሉ፣ ሐጂ ሙዘይን ዱዓ ያደርጋሉ፤ አንዱ ከጎደለ ሰውዬው አልተሸኘም። ይኸው እንግዲህ፣ ግማሹ መደዳ አባሮኝ ሐጂ ደግሞ እንዳልባረር ሊከለክሉኝ ነው። አልወሰንኩም፣ አልሄድኩም፣ አልቀረሁም። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል?

ሰኞ በሌሊት ከሐዋሳ ተነስተን ረፋድ ላይ ከነሻንጣችን መደዳው ደረስን። የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፣ ለስላሳ ተከፍቷል፣ ድፎ ዳቦ ተቆርሷል። ፍቃዱ ሁለት ሰዎች ይዞ የሱቄን ደጃፍ በሜትር እያስለካ ነው። "ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ፣ ወርዱን እንጨርስ" አለኝ። ጠጋ አልኩለት። እስካሁን የሚያናድደኝ ጠጋ ማለቴ ነው።

ጋሽ ወልዴ ተነሱና ንግግር አደረጉ። "ወንድማችን ታጋሽ ሰው ነበር" አሉ። ነበር! ሰው ሳቀ። "ታጋሽ" በምትለዋ ይሁን "ነበር" በምትለዋ አላውቅም። ከዚያ ጋቢውን አመጡና ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው "መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ፣ የገባችሁበት ይቅናችሁ" ብለው መረቁ። ሁሉም አሜን አለ። ከዚያ ሁሉም ወደ ሐጂ ሱቅ ዞሮ አየ። ሐጂ ሙዘይን ጀርባቸውን ሰጥተው ሻርፕ እያጠፉ ነው።

ያኔ ፈነዳሁ።

"ቆይ እናንተ ሰዎች! አንድ ሰው እንኳ 'አትሂድ' አይለኝም? አንድ ሰው? ውሻ እንኳ ከሰፈር ሲጠፋ 'የት ሄደ' ይባላል!"

ጋሽ ወልዴ እኔን አላዩኝም፤ ወንበር ላይ የተቀመጠችውን ጥሩነሽን ነው ያዩት። ቀስ ብለው "አትሂድ ብንልህ እኛን ደስ ይለን ነበር፣ ልጄ" አሉ። ንዴቴ ግን አፋፉ ላይ ስለነበር አልሰማኋቸውም፤ ወይም መስማት አልፈለግኩም። "እንግዲያው አልሄድም! ጋቢያችሁንም ውሰዱ!" ብዬ ጋቢውን ከላዬ ሳብኩት። አልመጣም። ደግሜ ሳብኩት። የጃኬቴ ዚፕ ነክሶታል። ዚፕ! ሃያ ሁለት ዓመት አቧራ እያራገፍኩ ያኖርኩት ዚፕ! ስታገል አንድ ወንበር ገለበጥኩ፣ አንድ ለስላሳ ደፋሁ፣ ሰው ሁሉ ሳቁን ዋጠ። አልላቀቅ ሲለኝ ጋቢውን እንደ ቬሎ ከኋላዬ እየጎተትኩ ሐጂ ሱቅ ገባሁ።

"ሐጂ!"

"አትጩህ፤ አልደነቆርኩም።"

"ይሄን ያህል ነው የሚጠሉኝ? ለጠላት እንኳ ዱዓ ይደረጋል እኮ!"

"ተቀመጥ።"

"አልቀመጥም!"

"ጋቢህ ሱቄን እየጠረገ ነው። ተቀመጥ።"

ተቀመጥኩ። ሐጂ ያጠፉትን ሻርፕ ፈትተው እንደገና ማጠፍ ጀመሩ።

"ስማኝ" አሉ። "እኔ ዱዓ የማደርገው ልቤ ባለበት ነገር ነው። ልቤ 'ይህ ሰው ይቅር' እያለ አፌ 'መንገዱን ያቅናለት' ቢል አላህ የትኛውን ይስማ? ወላሂ፣ ሐሙስ ጠዋት በርህን ዝግ ሆኖ ሳየው ቁርሴ አልወረደልኝም። ከሰዓት ዘነበ። ያ ሸራህ እንደ ልማዱ አንጠባጠበ። ልሰድብህ ወጥቼ ዞር ስል ሰው የለም። ከተዘጋ በር ጋር ተጨቃጭቄ ገባሁ። በዚህ ዕድሜዬ!"

ያን ሁሉ ቀን "አትሂድ" የሚለኝ አንድ ሰው ስፈልግ ከርሜ፣ ሰውዬው ለካ አሥራ ስምንት ዓመት የተጣላኝ ሰው ነው። ልቤ ዘለለ። "ታዲያ ልቅር?" አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ቅር እንዲሉኝ ለምኛቸዋለሁ ማለት ይቻላል።

ሐጂ አፋቸውን ከፈቱ። በዚያው ቅጽበት ከውጭ የጥሩነሽ ሳቅ ተሰማ። አንዱ የእኔን ከጋቢ ጋር መታገል እያስመሰለ ሲያሳያት ነው። ሳቋ ከፍ አለ፤ ከዚያ ተቆረጠ፤ ሳሉ መጣ። ሐጂ አፋቸውን ገጠሙ። ሁለታችንም እስኪያልፍላት ጠበቅን። አላለፈላትም። ከሦስት ቀን ዕረፍት በኋላ ውዝፉን ሊያወጣ የመጣ ይመስል እየደጋገመ መጣ። ከደጅ አንድ ሰው "ውሃ! ውሃ አምጡ!" አለ።

ሐጂ ወደ እኔ ሳያዩ ተናገሩ። "ይህን ሳል በዚህ ግድግዳ በኩል ስሰማው ሁለት ዓመቴ ነው። ጎረቤቴ እንዳይሄድብኝ ብዬ ያልሰማሁ መስዬ ኖርኩ። አንተስ?"

እኔስ? የምናደድበት ሰው ፈለግኩ። ተሸካሚው አልነበረም፤ ተካልኝ አልነበረም፤ ፍቃዱ ሜትሩን እያጠቀለለ ነበር። አውራ ጣት ያደረጉት ሰዎች ሁሉ ውሃ ይዘው ከበዋታል። እነሱ ሰምተዋት ነው ለካ የሸኙኝ። "እናያለን" ባልኩ ቁጥር ሳሉን እየሰማሁ ነበር። አፈርኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

"ሰምቻለሁ" አልኳቸው።

ሐጂ ሻርፑን አስቀመጡና ተነሱ። "እንግዲህ አሁን ልቤ ሄዷል። ና" አሉ። ወጡና ከጋሽ ወልዴ ጎን ቆመው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤናዋ፣ ስለ እንጀራችን ለመኑ። ዱዓቸው ሲያልቅ ከሁሉም ሰው ጮክ ብዬ አሚን ያልኩት እኔ ነኝ። ጋቢው አሁንም ዚፔ ላይ ነበር፤ በኋላ ጥሩነሽ በመቀስ ቆርጣ አላቀቀችልኝ።

ይህን የምጽፈው ሐዋሳ፣ ዛፍ ያለበት ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነው። እንደ ተናደድኩ ነኝ። ሰው እዚህ ይቅርታ ማለት ያበዛል። ጎረቤቴ አሁንም በቀን ይተኛል። ነጭ ዚፕ የገዛችው ሴትዮ አንድ ቀን ተመልሳ መጣችና ከሩቅ ሆና "ዛሬ አታሳድደኝም አይደል?" አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ እየተከራከረች መግዛት ጀምራለች፤ አስተምሬያታለሁ። ተካልኝ በየቀኑ እየመጣ "አየሩ እንዴት ነው?" ይለኛል። አልመልስለትም።

ትናንት እዚህ ዘነበ፤ አዲስ አበባም ዘንቦ ኖሮ ሐጂ ሙዘይን ደወሉ። በዘነበ ቁጥር ይደውላሉ። ድምፁን ለጥሩነሽም እንዲሰማ ከፍ አደረግኩት።

"ያ ሸራህ አሁንም ሻርፔ ላይ ያንጠባጥባል!" አሉ።

"ሱቁ የእኔ አይደለም እኮ፣ ሐጂ! ለአዲሱ ተከራይ ይንገሩት!"

"እሱን ምን አገባው? ልጁ ጨዋ ነው፤ ብነግረው ዛሬውኑ ይሰበስበዋል።"

"ታዲያ ይሰብስበዋ!"

"ምን ሲደረግ!" ብለው ጮኹ። "ተሰብስቦ ከዚያ በምን ሰበብ ልደውልልህ?"

እኔም "ሻርፕዎን ወደ ውስጥ ያስገቡ!" ብዬ ጮህኩባቸው። ጥሩነሽ ከባንኮኒው ጀርባ ሆና ሳቀች። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ፣ እንደ ልማዴ ሳሉ እስኪመጣ ጠበቅኩ። ሐጂም በዚያኛው ጫፍ ዝም ብለው ይጠብቁ ነበር። ጥሩነሽ ሳቀች፣ ሳቀች፣ ዕንባዋን ጠረገች፣ ደግማ ሳቀችና ጨረሰች።